የሊንክስ ጎልፍ ጉዞ፦ ከስድስት ጠረፎች የትኛው ለየትኛው ተጓዥ ይስማማል?

ሊንክስ በሚባለው የባሕር ዳር የጎልፍ ሜዳ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ለመጫወት የሚጓዝ ሰው ዕቅዱን የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ስም ነው፤ በስኮትላንድ ሴንት አንድሩስ ከተማ ከሚገኘው ኦልድ ኮርስ። የአውሮፕላን ትኬት ይቆርጣል፣ ሆቴል ይይዛል፣ ከዚያም በዚያ ሜዳ ተራ ለማግኘት ብዙ ሰው ዕጣ እንደሚጠብቅ ሲረዳ ጉዞው ሁሉ በዕድል ላይ ተንጠልጥሎ ያገኘዋል። ስለዚህ እዚህ ጠረፎቹን የማነጻጽረው በዝናቸው ሳይሆን በአንድ ጥያቄ ነው፦ ያሰብኩትን ዋና ሜዳ ባላገኝ በአካባቢው ምን ይቀረኛል? ከስኮትላንድ ሦስት፣ ከአየርላንድ ደሴት ሁለት፣ ከእንግሊዝ አንድ ጠረፍ መርጫለሁ። ዓመታቱና ወራቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሊንክስ ምን ዓይነት ሜዳ ነው?

ሊንክስ በባሕሩና በእርሻው መካከል የተዘረጋ፣ ዛፍ እምብዛም የማይበቅልበት፣ ነፋስ በከመራቸው ጉብታዎች የተሞላ አሸዋማ መሬት ነው። አሸዋው ውኃ ስለማይቋጥር ሣሩ ቀጭን፣ መሬቱም ጠንካራ ሆኖ ይቆያል፤ ኳሷ ስታርፍ ትነጥራለች፣ ትንከባለላለች እንጂ ባረፈችበት አትቆምም። በዱባይ ወይም በቨርጂኒያ በመስኖ በለሰለሰ ሜዳ ላይ ኳስን ወደ ላይ ሰቅሎ ባንዲራው ሥር ማሳረፍ የለመደ ሰው እዚህ ችሎታው ብዙም እንደማይጠቅመው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀዳዳዎች ይማራል፤ በአንጻሩ ዝቅ አድርጎ መትቶ ማንከባለል የሚያውቅ መካከለኛ ተጫዋች ከጠበቀው በላይ ይሳካለታል። አዲስ አበባ ላይ የተለማመደ ሰው ደግሞ ሌላ ማስተካከያ ያስፈልገዋል። ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ኳስ ርቃ ትሄዳለች፤ በሰሜኑ ባሕር ዳር ባለው ቀዝቃዛና እምቅ አየር ግን ያው ምት፣ ነፋሱ ሳይቆጠር እንኳ፣ በግልጽ ያጥራል።

መመዘኛዎቹ

የመጀመሪያው መመዘኛ ቲ ታይም፣ ማለትም የመነሻ ሰዓት፣ የማግኘት እርግጠኝነት ነው። ሁለተኛው መጓጓዣ ነው፤ በባቡር የሚደረስባቸው ጠረፎች አሉ፣ መኪና ካልተከራዩ በቀር የማይሞከሩም አሉ። በእነዚህ አገሮች የሚነዳው በመንገዱ ግራ በኩል በመሆኑ፣ በኢትዮጵያ፣ በአሜሪካ፣ በእስራኤልም ሆነ በባሕረ ሰላጤው አገሮች በቀኝ መንዳት ለለመደ ሰው ጠባብ የገጠር መንገድ የመጀመሪያውን ቀን ያስጨንቃል። ለኪራይ የሚቀርቡት መኪኖች ብዙዎቹ በእጅ ማርሽ የሚሠሩ ስለሆኑ አውቶማቲክ የሚፈልግ ሰው ሲያስይዝ ለይቶ መጠየቅ አለበት።

ሦስተኛው ወጪ ነው። እዚህ ላይ የምመክረው የአንዱን ታዋቂ ሜዳ ዋጋ ብቻ ከማየት ይልቅ የአራት ወይም የአምስት ቀን አማካይ ማውጣትን ነው፤ ምክንያቱም ሁሉም ጠረፎች ውድ ሜዳ ያላቸው ሲሆን ርካሽና ጥሩ ጎረቤት ያላቸው ግን ጥቂቶች ናቸው። አራተኛው የሜዳው ክብደት፣ ማለትም ለመጫወት ምን ያህል እንደሚያስቸግር፣ አምስተኛው ደግሞ ጎልፍ የማይጫወት የትዳር ጓደኛ ወይም ልጅ ቀኑን የሚያሳልፍበት ነገር መኖሩ ነው።

ከሁሉም በፊት የሚመጣው ግን የመግቢያ ፈቃድ ነው። ስኮትላንድ፣ እንግሊዝና ሰሜን አየርላንድ የዩናይትድ ኪንግደም አካል ሲሆኑ የአየርላንድ ሪፐብሊክ ሌላ አገር ናት፤ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ለሁለቱ ለየብቻው ቪዛ ያስፈልገዋል። በአሜሪካ ግሪን ካርድ ወይም በባሕረ ሰላጤው አገሮች የመኖሪያ ፈቃድ መኖሩ ይህን ግዴታ አያስቀርም። የአሜሪካ ወይም የእስራኤል ፓስፖርት ያለው ሰው ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ወደ ዩናይትድ ኪንግደም ከመጓዙ በፊት በኢንተርኔት የሚሞላ የጉዞ ፈቃድ ማውጣት ሲኖርበት፣ ወደ አየርላንድ ሪፐብሊክ ለአጭር ጉብኝት ቪዛ አይጠየቅም። በሰሜን አየርላንድና በሪፐብሊኩ መካከል ባለው የየብስ ድንበር ላይ ቋሚ የፓስፖርት ፍተሻ አለመኖሩ ደግሞ ወጥመድ ነው፤ የሚያስቆም ሰው የለም ማለት ፈቃድ አያስፈልግም ማለት አይደለም። ሁለቱን በአንድ ጉዞ ማጣመር የሚያምረው በካርታ ላይ ነው፤ አንድ ቪዛ ብቻ የያዘ ሰው ሐሳቡን ቢተው ይሻለዋል።

ሴንት አንድሩስና የፋይፍ ጠረፍ

በከተማዋ የሚገኙት ሰባቱ የሊንክስ ትረስት ሜዳዎች፣ ኦልድ ኮርስን ጨምሮ፣ የሕዝብ ናቸው። ትረስቱ በ1974 የተቋቋመ አስተዳዳሪ ሲሆን፣ በዓለም እጅግ የታወቀው የጎልፍ ሜዳ የማንም የግል ክለብ ንብረት አለመሆኑን ብዙ ሰው ሲሰማ ይገረማል። ስለዚህ በሩን የሚዘጋው የፈላጊው ብዛት እንጂ የአባልነት ደንብ አይደለም።

ወደዚያ የሚያስገቡት መንገዶች አራት ናቸው። አንደኛው በበጋው ማብቂያ ላይ ለሚቀጥለው ዓመት በቀጥታ ማመልከት ነው። ሁለተኛው ከተፈቀደላቸው የጉዞ ድርጅቶች ሆቴልና ሌሎች ሜዳዎችን ያጠቃለለ ጥቅል መግዛት ነው፤ እርግጠኛ ነው፣ ግን እርግጠኝነቱ ራሱ በጥቅሉ ዋጋ ውስጥ ይከፈላል። ሦስተኛው ከሁለት እስከ አራት ሆነው ከመጫወቻው ቀን ሁለት ቀን በፊት የሚመዘገቡበት ዕጣ ነው። አራተኛው ለብቻቸው ለመጡ ሰዎች የተዘጋጀ ሲሆን፣ በዋዜማው በአካል ተገኝተው ስማቸውን ያስመዘግባሉ፣ ዕጣውም በዚያው ቀን ይወጣል። ይህ አሠራር ከ2024 ጀምሮ የቀድሞውን ሌሊት በብርድ ተሰልፎ የማደር ልማድ ተክቷል። በዚያው ዓመት የሃንዲካፕ (የተጫዋቹን ችሎታ የሚለካው ቁጥር፤ ሲያንስ የተሻለ ነው) ጣሪያው ለወንድም ለሴትም 36 ስለሆነ መካከለኛ ተጫዋችም የሚፈራበት ምክንያት የለውም፤ ማስረጃውን ግን ይዞ መምጣት አለበት። ክፍያው በ2025 የበጋ ወራት 340 ፓውንድ ነበር።

ሜዳው ራሱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ ግራ ያጋባል። ከ18ቱ ቀዳዳዎች 14ቱ ሰባት ትልልቅ ግሪኖችን፣ ማለትም ባንዲራው የሚተከልባቸውን አጭር ሣር ያላቸው ቦታዎች፣ በጥንድ ይጋራሉ፤ የጥንዶቹ ቁጥር ሲደመርም ሁልጊዜ 18 ይመጣል፣ ሁለተኛው ከ16ኛው፣ ስምንተኛው ከ10ኛው ጋር እንደሚጋራው ማለት ነው። 112 ባንከሮች፣ ማለትም የአሸዋ ጉድጓዶች፣ አሉት፤ አንዳንዶቹ ከቲው፣ የመጀመሪያው ምት ከሚመታበት ቦታ፣ ላይ ሆነው አይታዩም። የሚመታበት መሬት ግን እጅግ ሰፊ ስለሆነ ምት የሚያበዛ ሰው እንኳ በግራ በኩል እየመታ ብዙ ኳስ ሳያጠፋ ሊጨርስ ይችላል። እሑድ ከጥቂት ውድድሮች በስተቀር ሜዳው ለጎልፍ ዝግ ነው፤ የከተማው ሰው ውሻውን እያንሸራሸረ በስዊልከን ድልድይ ላይ ይመላለሳል። ዕጣ ያልወጣለት ሰው ቢያንስ በእግሩ ይረግጠዋል፣ ጎልፍ የማያውቀው ተጓዳኝም በነፃ ይጎበኘዋል።

ዕጣው ባይወጣስ? ፋይፍ ከፍተኛ ነጥብ የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። ከጎኑ በ1895 የተከፈተውና ዛሬም «ኒው» የሚባለው ሜዳ፣ ጁቢሊና ኤደን አሉ፤ ለልጆችና ለጀማሪዎች ባለ ዘጠኝ ቀዳዳው ባልጎቭ አለ። በ2008 የተከፈተው ካስል ኮርስ እይታው ግሩም ቢሆንም ከባሕር በላይ በገደል አፋፍ ላይ ያለ እንጂ እውነተኛ የሊንክስ መሬት ስላልሆነ፣ ጊዜ ለሚያንሰው ሰው ቅድሚያ አልሰጠውም። ከከተማው ወጣ ሲሉ የክሬልና የኢሊ ሜዳዎች ይገኛሉ። በኢሊ የመጀመሪያው ቲ ላይ ከፊት ያለው ኮረብታ እይታ ስለሚጋርድ፣ ተጫዋቾችን በተራ የሚያስነሳው ሠራተኛ ፊት ያሉት መራቃቸውን የሚያየው ከባሕር ሰርጓጅ መርከብ በተወሰደ ፔሪስኮፕ ነው። በሴንት አንድሩስ የባቡር ጣቢያ የለም፤ ከኤድንብራ እስከ ሉካርስ አንድ ሰዓት ገደማ በባቡር ተጉዞ ከዚያ በአውቶቡስ ይገባል፣ ከተማው ውስጥ ግን ሁሉም ነገር በእግር ነው።

ኢስት ሎዚያን

ከኤድንብራ በስተምሥራቅ ያለው ይህ ጠረፍ ከዝናው በላይ የሚገባው ነው ብዬ አምናለሁ። ኖርዝ ቤሪክ ከኤድንብራ በባቡር ግማሽ ሰዓት ያህል ሲሆን ዌስት ሊንክስ ከጣቢያው በእግር ይደረስበታል። 13ኛው ቀዳዳ ግሪኑ ከድንጋይ አጥር ኋላ ነው፤ አጥሩን ማለፍ የተጫዋቹ ፋንታ ነው። «ሬዳን» የሚባለው 15ኛው ደግሞ በዓለም ዙሪያ ያሉ የሜዳ ነዳፊዎች ደጋግመው የቀዱት ነው። በአጠገቡ ጋላን ሦስት ሜዳዎች አሉት፤ ከእነዚህ ቁጥር ሁለትና ሦስት በቁጥር አንድ ጥላ ሥር በመቅረታቸው ዋጋቸው ይቀንሳል እንጂ ደስታቸው አይቀንስም። የመጀመሪያዎቹን የጎልፍ ሕጎች በ1744 የጻፈው ክለብ መኖሪያ የሆነው ሙርፊልድም እዚሁ ነው፤ እንግዳ የሚቀበለው በሳምንት ሁለት ቀን፣ ማክሰኞና ሐሙስ፣ በመሆኑ ጉዞውን በእነዚህ ቀናት ዙሪያ ማዋቀር ያስፈልጋል። ትልቅ ወጪ ለማይፈልግ ሰው በማስልበራ ከፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ ውስጥ የሚገኘው ጥንታዊ ባለ ዘጠኝ ቀዳዳ ሜዳ የድሮ የእንጨት ዱላ ተከራይቶ ለመጫወት ይመቻል።

ተጓዳኝ ላለው ሰው ከዚህ የተሻለ አላውቅም፤ አንዱ ሲጫወት ሌላው ኤድንብራን ሲዞር ይውልና ማታ በአንድ ሆቴል ይገናኛሉ።

የስኮትላንድ ሰሜን፦ ዶርኖክና አካባቢው

ከኢንቨርነስ በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ የሚርቀው ሮያል ዶርኖክ በብዙ አንጋፋ ተጫዋቾች ልብ ውስጥ ከሴንት አንድሩስ በፊት የሚመጣ ነው። በአሜሪካ በርካታ ሜዳዎችን የነደፈው ዶናልድ ሮስ በ1872 የተወለደው በዚህ ከተማ ሲሆን፣ ዳር ዳሩን እንደ ተገለበጠ ሳህን ዝቅ የሚለው የግሪኖቹ ቅርጽ በኋላ በነደፋቸው ሥራዎች ይታያል። በሜይና በጁን ጎርስ የተባለው እሾሃማ ቁጥቋጦ ቢጫ ያብባል፤ ለዓይን ደስ ይላል፣ የገባች ኳስ ግን አትወጣም። ወደ ሰሜን ሲቀጥሉ በብሮራ ከብቶችና በጎች በሜዳው ላይ ይግጣሉ፣ ግሪኖቹም በቀጭን የኤሌክትሪክ ሽቦ ይታጠራሉ። በክረምቱ እርሻ መሐል ያደገ ሰው ያን ሲያይ ባዕድነት አይሰማውም።

ችግሩ ርቀቱ ነው። ከኤድንብራ እስከ ኢንቨርነስ ባቡሩ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስዳል፣ ከዚያ መኪና ያስፈልጋል፣ ለማይጫወት ሰውም ከተራራውና ከባሕሩ ሌላ የሚታይ ብዙ ነገር የለም። የሕዝብ ጫናው ግን ቀለል ያለ ነው፤ በበጋም ቀኑ እጅግ ስለሚረዝም ከሰዓት በኋላ ዘግይቶ የጀመረ ሰው እንኳ በብርሃን ይጨርሳል።

ደቡብ ምዕራብ አየርላንድ

እዚህ ጉብታው ተራራ ያክላል። ባሊበኒየን፣ ላሂንች፣ ትራሊና ዋተርቪል ከፍ ባሉ የአሸዋ ክምሮች መካከል የሚጫወቱባቸው፣ ከአትላንቲክ ነፋስ በቀጥታ የሚመታቸው ሜዳዎች ናቸው። በባሊበኒየን የመጀመሪያው ቀዳዳ በስተቀኝ የመቃብር ስፍራ ነው፤ ኳሱን ወደ ቀኝ የሚያጣምም ሰው ጉዞውን በዚያ ይጀምራል። በላሂንች «ዴል» በሚባለው አጭር ቀዳዳ ግሪኑ በሁለት ጉብታዎች መካከል ስለተደበቀ፣ የባንዲራውን አቅጣጫ የሚያመለክተው በኮረብታው ላይ የሚቀመጥ ነጭ ድንጋይ ብቻ ነው። የላሂንች ፍየሎች ደግሞ ከክለቡ ሕንጻ አጠገብ ከተጠለሉ ዝናብ እንደሚመጣ ይነገራል።

የማልደብቀው ነገር፣ ይህ ጠረፍ ያለ መኪና አይታሰብም። ወደ ሻነን አውሮፕላን ማረፊያ የገባ ሰው ላሂንችን በአንድ ሰዓት ውስጥ ሲያገኘው ዋተርቪል ግን በሌላው ጫፍ ስለሚገኝ ጉዞው ግማሽ ቀን ይበላል። በታርበርትና በኪለመር መካከል የሚመላለሰው የመኪና ጀልባ ወንዙን በ20 ደቂቃ ገደማ ስለሚያሻግር ባሊበኒየንንና ላሂንችን ማጣመር ያስችላል፤ አራቱንም በአምስት ቀን ለመጨረስ የሚሞክር ቡድን ግን ከሜዳው ይልቅ መንገዱን ያስታውሳል። የታዋቂዎቹ ሜዳዎች ክፍያ በበጋ ከ300 ዩሮ ያልፋል፣ ርካሽ ጎረቤትም እንደ ፋይፍ ብዙ አይደለም።

ሰሜን አየርላንድ

ኦፕን ሻምፒዮና የተባለውን ታላቅ የጎልፍ ውድድር በ1951፣ በ2019 እና በ2025 ያስተናገደው ሮያል ፖርትራሽ እና በሞርን ተራሮች ግርጌ ያለው ሮያል ካውንቲ ዳውን በችሎታ መለኪያነት ከማንም አያንሱም። ሁለቱም ከቤልፋስት በመኪና ከአንድ ሰዓት ብዙ አይርቁም፤ አንዱ በሰሜን፣ ሌላው በደቡብ። በካውንቲ ዳውን ከቲው ላይ መሬቱ የማይታይባቸው ቀዳዳዎች በርካታ ስለሆኑ ያለ ካዲ፣ ቦርሳ ተሸክሞ አቅጣጫ ከሚጠቁም ረዳት ውጪ፣ መጫወት ገንዘብ መቆጠብ አይመስለኝም፤ የጠፋው ኳስ ዋጋ ይተካከለዋል። ሃንዲካፑ ከ20 በላይ ለሆነ ሰው ሁለቱም ይከብዱታል፤ ፖርትስቱዋርትና ካስልሮክ ይሻሉታል።

የላንካሻየር ጠረፍ

ከሊቨርፑል እስከ ሳውዝፖርት ያለው የባቡር መስመር የሊንክስ ተጫዋች መስመር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዌስት ላንካሻየር፣ ፎርምቢ፣ ሳውዝፖርትና ኤንስዴል፣ ሂልሳይድ፣ ሮያል በርክዴል፣ ሁሉም በመስመሩ ላይ ካሉት ጣቢያዎች ወርደው በእግር የሚደርሱባቸው ናቸው። በሌላው የባቡር መስመር ሆይሌክ ላይ ሮያል ሊቨርፑል፣ እንዲሁም የስቴብልፎርድ ነጥብ አቆጣጠር በ1932 ለመጀመሪያ ጊዜ በውድድር የተሞከረበት ዎላሲ ይገኛሉ። አንድ ሆቴል ይዞ፣ መኪና ሳይከራዩ፣ ለስድስት ቀን የስድስት የተለያዩ ክለቦች ሜዳዎች መጫወት እንዲህ የሚቀልበት ሌላ ቦታ በዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም። እይታው ከአየርላንድ ጋር አይወዳደርም፣ ባሕሩም ከብዙዎቹ ሜዳዎች ላይ አይታይም። ግን በኤፕሪል ወይም በሴፕቴምበር የሄደ ሰው አንዱን ከሰዓት በኋላ ለአንፊልድ ሊያውለው ይችላል፤ ለብዙ አንባቢዬ ይህ እንደ ተጨማሪ መመዘኛ ሳይቆጠር አይቀርም።

የስድስቱን ጠረፎች ጠቅላላ ገጽታ ሠንጠረዡ ያሳያል፦

| ጠረፍ | ዋናውን ሜዳ የማግኘት እርግጠኝነት | መኪና | ወጪ | ክብደት | ባይሳካ የሚቀረው | ለተጓዳኝ |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ሴንት አንድሩስና ፋይፍ | ዝቅተኛ፣ ዕጣ | ከተማው ውስጥ አያስፈልግም | ከከፍተኛ እስከ ዝቅተኛ | መካከለኛ | እጅግ ብዙ | ጥሩ |
| ኢስት ሎዚያን | ጥሩ፤ ሙርፊልድ በሳምንት ሁለት ቀን | ለኖርዝ ቤሪክ አያስፈልግም | መካከለኛ፤ ሙርፊልድ ከፍተኛ | መካከለኛ | ብዙ | እጅግ ጥሩ |
| ዶርኖክና ሰሜኑ | ጥሩ | ያስፈልጋል | መካከለኛ | መካከለኛ | በቂ | ጥቂት |
| ደቡብ ምዕራብ አየርላንድ | ቀድሞ ለያዘ ጥሩ | የግድ | ከፍተኛ | ከባድ | ውስን | ጥሩ፣ በመኪና |
| ሰሜን አየርላንድ | ቀድሞ ለያዘ ጥሩ | ይመከራል | ከፍተኛ | እጅግ ከባድ | በቂ | ጥሩ |
| ላንካሻየር | ጥሩ | አያስፈልግም | መካከለኛ፤ በርክዴል ከፍተኛ | ከባድ | ብዙ | ጥሩ፣ ሊቨርፑል |

ለማን የትኛው?

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድና ኦልድ ኮርስን የግድ የሚል ሰው ቢያንስ አራት የሥራ ቀናት በሴንት አንድሩስ ይቀመጥ፤ በየቀኑ ዕጣ ውስጥ ስሙን ያስገባ፣ በቀሪው ጊዜ ኒውንና ጁቢሊን ይጫወት። ለሁለት ቀን ብቻ ጎራ ብሎ ዕጣ መጠበቅ ግን ትርጉም የለውም። ሃንዲካፕ ገና ያላወጣ ጀማሪ በኢስት ሎዚያን ቢጀምር፣ ከባልንጀሮቹ ጋር አራት ሆኖ የሚሄድና መኪና የሚነዳለት ያለው ደግሞ ደቡብ ምዕራብ አየርላንድን ቢመርጥ ይሻላል፤ የመኪናው ኪራይ ለአራት ሲካፈል ሒሳቡ ይለወጣል። በጀቱ የተወሰነ ሰው አንድ ውድ ሜዳ ብቻ መርጦ በሦስት ርካሽ ሜዳዎች ይክበበው፤ ለዚህ ላንካሻየርና ፋይፍ ከሌሎቹ ይበልጣሉ። ጥቂት የታወቁ ሜዳዎች የተጫወተና ጸጥታ የሚሻ ሰው ወደ ዶርኖክ ይሂድ። ሰሜን አየርላንድን የማስቀድመው ለጥሩ ተጫዋች ብቻ ነው።

ወቅትና ቅደም ተከተል

ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር ቀኑ ረጅም፣ ዋጋውም ውድ ነው፤ ኤፕሪልና ኦክቶበር ዋጋቸው ይቀንሳል፣ ነፋሱ ግን አይቀንስም። ከኖቬምበር እስከ ማርች በኦልድ ኮርስ ዋጋው በጣም ይወርዳል፤ ሆኖም ሣሩን ለመጠበቅ ሲባል ከመሐል ሜዳው የሚመታው በትንሽ ምንጣፍ ላይ እየተቀመጠ ስለሆነ፣ ይህን ሳያውቅ የሄደ ሰው ይከፋዋል። ኦፕን ሻምፒዮና የሚካሄድበት ሜዳ ለሳምንታት ለእንግዳ ስለሚዘጋ የ2026ቱ ለሮያል በርክዴል፣ የ2027ቱ ለሴንት አንድሩስ መመደባቸው በዕቅድ ውስጥ መግባት አለበት። በእነዚህ ሜዳዎች የሚጫወተው በእግር ስለሆነ ቦርሳው ቀላል፣ የዝናብ ልብሱ ግን ጥሩ ይሁን፤ ጓንትም ሁለት ሦስት ይያዝ።

ቪዛ የሚያስፈልገው ተጓዥ ቅደም ተከተሉን ያስተካክል። ክለቦች በአብዛኛው ሲያስይዙ ቅድሚያ ክፍያ ይጠይቃሉ፣ የመሰረዣ ቀኑ ካለፈ በኋላም ገንዘቡን አይመልሱም፤ የቪዛ መልስ ዘገየ ማለት ለብዙዎቹ ምክንያት አይሆንም። ስለዚህ መጀመሪያ ክለቡ እስከ መቼ ያለ ቅጣት እንደሚያሰርዝ በጽሑፍ መጠየቅ፣ ቪዛውን ከዚያ ቀን በፊት መልስ በሚገኝበት ጊዜ ማመልከት፣ ተመላሽ የማይሆነውን የአውሮፕላን ትኬት ደግሞ መጨረሻ ላይ መቁረጥ ነው።